በኪካድ የሰርኪዩት ንድፍ አሣሣል

ኪካድ እ.ኤ.አ. በ1992 በፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራ የተጀመረ፣ ያለ ክፍያ የሚወርድ የኤሌክትሮኒክስ ንድፍ ሶፍትዌር ነው። ለመለማመጃ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ኤልኢዲን (ትንሽ መብራት) በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ብልጭ የሚያደርግ የ555 ታይመር (ጊዜ የሚለካ ቺፕ) ሰርኪዩት እንሥላለን።

አዲስ ፕሮጀክት ከፍተው ወደ ሰርኪዩት መሣያው ሲገቡ፣ ከሁሉ አስቀድመው የግሪዱ (ምልክቶችና ሽቦዎች የሚያርፉባቸው ነጥቦች) ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ። በላይብረሪው (በሶፍትዌሩ የምልክቶች ስብስብ) ያሉት ምልክቶች ፒኖች፣ ማለትም የመገናኛ ጫፎች፣ በዚህ ልክ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ግሪዱን አሳንሰው ያስቀመጡት ምልክት ለዓይን ከሽቦው ጋር የተገናኘ እየመሰለ በሶፍትዌሩ ዘንድ ግን ተለያይቶ ሊቀር ይችላል። ጀማሪን እንደዚህ የሚያደክም ስሕተት ጥቂት ነው።

የኤ ቁልፍ ምልክት ያስገባል፣ አር ያዞራል፣ ደብልዩ ሽቦ ይሥላል፣ ፒ ደግሞ የ9 ቮልትና የግራውንድ (የባትሪው ኔጌቲቭ ጎን) ምልክቶችን ያመጣል። በ555 ምልክት ላይ ፒኖቹ የተደረደሩት በቺፑ አካል ላይ እንዳሉበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በየሥራቸው ስለሆነ፣ ቦታቸውን ትተው ቁጥራቸውን ይከተሉ። 8ንና 4ን ከ9 ቮልት፣ 1ን ከግራውንድ ያገናኙ። በ8ና በ7 መካከል 10 ኪሎ ኦም፣ በ7ና በ6 መካከል 68 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስገቡ። 2ንና 6ን አገናኝተው፣ ከዚያው ወደ ግራውንድ የ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ጫፉን ወደ 6 አድርገው ይሣሉ። 5ን በ10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ይውሰዱ። ከ3 የሚወጣው በ470 ኦም ሬዚስተርና በኤልኢዲው አልፎ ግራውንድ ይደርሳል።

ሁለት ሽቦዎች ሲተላለፉ መገናኘታቸውን የሚያሳየው ነጥቡ ብቻ ነው። አራት ሽቦ በአንድ ነጥብ ከማገናኘት ይልቅ አንዱን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ በሁለት ነጥብ መሣል ለአንባቢ እጅግ ይቀላል፤ ንድፍ የሚሣለው ሌላ ሰው እንዲያነበው ጭምር ነውና። ኃይል ከላይ፣ ግራውንድ ከታች፣ መግቢያ ከግራ፣ መውጫ ከቀኝ የሚባለውም ልማድ ለዚሁ ነው።

በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ደንብ ፍተሻውን ያስኪዱ። ባትሪውን በትክክል አገናኝተው ሳለ የኃይል ፒኖች ምንጭ የላቸውም የሚል ስሕተት ቢመጣ አይደንግጡ፤ የባትሪው ምልክት ለሶፍትዌሩ እንደ ኃይል ምንጭ ስላልተመዘገበ፣ በ9 ቮልቱም በግራውንዱም መስመር ላይ ፓወር ፍላግ የተባለውን ምልክት መጨመር ይበቃል። የተገለበጠ ኤልኢዲን ወይም 68 ሊባል ሲገባው 680 ተብሎ የተጻፈን ሬዚስተር ግን ይህ ፍተሻ አያይም፤ እነዚህን ራስዎ ከቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ጋር ፒን በፒን ያመሳክሩ።