ዓይነ ስውራንን የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ሲመሰገኑ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዓይነ ስውራንን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ ብዙው ሥራ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። መጽሐፍ እያነበበ ድምፁን የሚቀዳ አለ። በብሬይል፣ ማለትም በጣት በሚዳሰስ የነጥብ ጽሕፈት፣ የሚገለብጥ አለ። ሐኪም ቤት ወይም ባንክ አብሮ የሚሄድ፣ የመጣ ደብዳቤ የሚያነብ፣ ኮምፒዩተር በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚያስተምር አለ። እነዚህን ሰዎች ማመስገን ይገባል። ግን የምስጋና ዝግጅቱ ብዙ ጊዜ በሚያይ ሰው ልክ ተሰፍቶ ይቀርባል። ዓይነ ስውራኑ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው፣ ምን እንደተደረገ በቅጡ ሳይገባቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶችም አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ዝግጅቱን ለዓይን ብቻ ማሰናዳት

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ የዓመቱ ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ይፈራረቃሉ። የሚያዩት ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። የማያዩት ሙዚቃውን ያዳምጣሉ። አንዱ ጎኑ ያለውን ሰው በክርኑ ነካ አድርጎ «ምን አይተው ነው የሳቁት?» ይላል። ያም ሰው ሊነግረው አፉን ሲከፍት ፎቶው አልፏል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶዎቹን ቀንሱና አንድ ሰው በማይክሮፎን ይተርካቸው። «ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ የታሪክ መጽሐፍ ታነባለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ባዶ የቡና ስኒ አለ» ከተባለ ሁሉም ሰው እኩል ይስቃል።

መድረክ ላይም እንዲሁ ነው። ስም ተጠርቶ፣ ጭብጨባ ተሰምቶ፣ ከዚያ ዝም። ማን ወጣ? ምን ተሰጠው? ተቃቀፉ ወይስ ተጨባበጡ? መድረክ መሪው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊናገር ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ተሸላሚው ራሱ ጥቂት ቃል እንዲናገር አድርጉ። ለዓመታት የመማሪያ መጽሐፍ ስትቀዳ የኖረች በጎ ፈቃደኛን አስቡ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ፊቷን አያውቁትም። ድምፅዋን ግን ከእናታቸው ድምፅ ባልተናነሰ ያውቁታል፤ ለፈተና ሲያጠኑ ሌሊቱን ሙሉ አብራቸው ያመሸችው እሷ ናት። ሰርተፍኬቷን በዝምታ ተቀብላ ከወረደች ማንም አላገኛትም ማለት ነው። «እንደምን አመሻችሁ» ስትል ግን አዳራሹ በአንዴ ይለያታል።

የጥሪ ወረቀቱም መታሰብ አለበት። በፎቶ መልክ የተላከ ጥሪ በስክሪን ሪደር በአግባቡ ላይነበብ ይችላል። ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ላኩት። በር ላይም እንግዳ የሚቀበል ሰው ይቁም፤ እጅ ይዞ ከመጎተት ክርኑን ይስጥ። ዓይነ ስውሩ ክርኑን ይዞ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይከተለዋል፣ መዞሪያውንም ደረጃውንም ከሰውነቱ እንቅስቃሴ ያውቃል።

ብሬይልን እንደ ጌጥ መጠቀም

ሰርተፍኬቱ ላይ የብሬይል ነጥቦች አሉ። ሲዳሰሱ ግን ወረቀቱ ልሙጥ ነው፤ ነጥቦቹ የታተሙት በቀለም ነው። ወይም ነጥቦቹ በትክክል ተወግተው ሳለ ሰርተፍኬቱ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ገብቷል። ከመስታወት ሥር ያለ ብሬይል ማን ያነበዋል?

እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለደው ሉዊ ብሬይል የፈጠረው ዘዴ በ6 ነጥቦች ላይ የቆመ ነው። ከእነሱ 63 ልዩ ልዩ ቅርጾች ይወጣሉ። አንዲት ነጥብ ከጎደለች ወይም ከቦታዋ ከሸሸች ፊደሉ ሌላ ፊደል ይሆናል፤ የተሸላሚው ስም የሌላ ሰው ስም ይሆናል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ብሬይል በጣቱ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ይየው። ወፍራም ወረቀት ተጠቀሙ፣ ክፈፉንም ተዉት።

ተገልጋዮቹን አለመጠየቅ

ዳይሬክተሩ ይናገራል፣ የቦርድ ሰብሳቢው ይናገራል፣ የክብር እንግዳው ይናገራል። አገልግሎቱን ያገኘው ሰው የት አለ? ማን ይሸለም የሚለውን የወሰነው ቢሮው ነው። ቢሮው ያለው ደግሞ የሰዓት መዝገብ ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚያነብላት ሰው የባንክ ሒሳቧን ምስጢር ለማንም እንዳልተነፈሰ የምታውቀው ተገልጋይዋ ብቻ ናት። መንገድ የሚያሻግራት ሰው ሳትጠይቀው እጇን እንደማይጎትት የምታውቀውም እሷ ናት። ከአንድ ወር በፊት ደውላችሁ «ማን፣ ምን አደረገላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በምታገኙት መልስ ትገረማላችሁ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተገልጋይን መድረክ ላይ አውጥቶ የመከራ ታሪክ ማናገር ምስጋና አይሆንም። መናገር የሚፈልግ ይናገር፣ የማይፈልግ ይቀመጥ። «እነዚህን ምስኪኖች የረዳችሁ ጀግኖች» የሚል ንግግርም ይቅር። ዲግሪውን በራሱ ጥረት የያዘ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምስኪን ሲባል መስማት የለበትም። በጎ ፈቃደኛውም ቢሆን በወዳጁ መዋረድ መከበር አይፈልግም።

ዓይነ ስውር በጎ ፈቃደኞችን መርሳት

ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያየው ረጂ፣ የማያየው ተረጂ ነው ብሎ ይነሳል። የተሸላሚዎችን ዝርዝር እስቲ ተመልከቱት፤ ሁሉም የሚያዩ ከሆኑ የሆነ ነገር ተዘንግቷል። ዓይኑን በቅርቡ ያጣውን ሰው በስልክ የሚያጽናናው ብዙ ጊዜ ያንኑ መንገድ ያለፈ ዓይነ ስውር ነው። ብሬይል የሚያስተምሩ፣ የተገለበጠውን የሚያርሙ፣ በነጭ በትር መሄድን የሚያለማምዱ ዓይነ ስውራን አሉ። በነጻ ይሠራሉ። ለእነሱ የሚሰጠው የምስጋና ደብዳቤ በሚያነቡት መንገድ ይሁን፤ በብሬይል ወይም በድምፅ።

በሰዓት ብቻ መመዘን

«የዓመቱ 500 ሰዓት» የሚል ሽልማት ለቢሮ ይመቻል። ግን ሥራው ሁሉ በሰዓት አይለካም። ለአንድ ሰዓት ቅጂ አንባቢው ቀድሞ ማንበብ፣ የከበዱ ቃላትን ማጣራት፣ የተሳሳተበትን ደግሞ መቅዳት አለበት። የሒሳብ ቀመርና ሰንጠረዥ ደግሞ በቃል ሲገለጽ ሌላ ድካም ነው። ይህ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 አን ማክዶናልድ የተባለች ሴት ኒውዮርክ ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን አስተባብራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን አጥተው ኮሌጅ መማር ለፈለጉ ወታደሮች የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ ማስቀዳት ጀምራ ነበር።

ቤታቸው ሆነው የሚሠሩም በመዝገቡ ላይ አይታዩም። ዓይነ ስውርን መንገድ የሚመራ መሪ ውሻ የሚሆን ቡችላ ተቀብለው አንድ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ከዚያ ለሥልጠና ይመልሱታል። የለመዱትን ውሻ አሳልፈው የሚሰጡበት ቀን ላይ አንድ ስልክ መደወል ከዋንጫ ይበልጣል።

ቀኑን ማምታታት

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1985 ዲሴምበር 5ን የበጎ ፈቃደኞች ቀን ብሎ ሰይሟል። ለምስጋና የሚስማማው ይሄ ነው። ኦክቶበር 15 የነጭ በትር ቀን ነው፤ ዓይነ ስውራን በራሳቸው መንቀሳቀሳቸው የሚታሰብበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ለሚያዩ ረዳቶች ሽልማት መስጠት የሰው በዓል መውሰድ ነው። ጃንዋሪ 4 የብሬይል ቀን ስለሆነ ገልባጮቹንና አራሚዎቹን ማሰብ ግን ያምራል።

ፎቶ አንስቶ መልቀቅ

ባጭሩ፦ ጠይቁ። የማያይ ሰው ካሜራ እንደተደገነበት አያውቅም። ፎቶው የት እንደሚወጣም ንገሩት።

ሸልሞ ጆሮ መንፈግ

የቀረጻ ክፍሉ ማይክሮፎን ከመንፈቅ በፊት መንጫጫት ጀምሯል። አንባቢዋ በተደጋጋሚ ተናግራለች። አሁን የሚያብለጨልጭ ዋንጫ ተሰጣት። ዋንጫውን ይዛ ስትሄድ ምን እንደምታስብ መገመት አይከብድም። ገንዘቡ ማይክሮፎኑን ይገዛ ነበር። የትራንስፖርት ወጪያቸውን ከኪሳቸው የሚከፍሉም አሉ፤ አፍረው አይጠይቁም። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ «ሥራህን የሚያከብድብህ ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ አቅርቡ። መልሱን ሰብስቡ። በዕለቱ መድረክ ላይ የትኛው እንደተስተካከለ፣ የትኛው መቼ እንደሚስተካከል፣ ማን እንደሚከታተለው በስም ተናገሩ።