ቀለሙ የሚላጥ ካርድ፦ ፕሪንተሩ ነው ወይስ ሴቲንጉ?

ሶኬቱን፣ ኬብሉን፣ ቶነሩ አለማለቁን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። የማወራው ስለ ሌዘር ፕሪንተር ነው። ካርድ ስል ደግሞ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 350 ግራም የሚመዝነውን ወረቀት ማለቴ ነው።

ምልክት፦ ቀለሙ በጥፍር ይላጣል

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። ካርዱ ከማሽኑ ሲወጣ ያምራል። ተቆርጦ ሲደረደር ግን ጠርዙ ላይ ነጭ ነጭ ይላል፤ ደንበኛው ኪሱ ውስጥ ሁለት ቀን ይዞት ሲያወጣው ስልክ ቁጥሩ ግማሽ ሆኗል። ባለቤቱ ቶነሩን ይረግማል፣ ሌላ ቶነር ይገዛል፣ ያው ነው። ከዚያ ማሽኑን መርገም ይጀምራል።

መንስኤው እንዲህ ነው። ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቀው በፊውዘሩ ሁለት ሮለሮች መካከል ሲያልፍ በሙቀትና በግፊት ቀልጦ ነው። 80 ግራም ወረቀት ወዲያው ይግላል። 300 ግራም ካርድ ግን ሙቀቱን ራሱ ይጠጣዋል፤ ዱቄቱ ለብ ብሎ፣ በደንብ ሳይቀልጥ ይወጣል። ማሽኑ ይህን የሚያካክሰው በዋናነት ፍጥነቱን ቀንሶ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ትንንሽ ማሽኖች የገባላቸው ካርድ ይሁን ስስ ወረቀት በራሳቸው አይለዩም። ካልነገራችሁት እንደ ተራ ወረቀት ያሮጠዋል።

የሚነገረው ደግሞ ሁለት ቦታ ነው፦ ማሽኑ ላይ በትሪው (በወረቀት መያዣው) ሴቲንግ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በድራይቨሩ፣ ማለትም ፕሪንተሩን በሚያዘው ፕሮግራም። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ፊውዘር ሊያስቀይሩ ተስማምተው ነበር የጠሩኝ። ከክምሩ አንድ ካርድ አነሳሁና በአውራ ጣቴ ጥፍር ፋቅ አደረግኩት፤ የ«ማ» አንድ እግር እንደ ቅርፊት ተነስታ ጥፍሬ ሥር ገባች። ድራይቨሩ ላይ ልጁ «ወፍራም» ብሎ መርጧል። ትሪው ግን «ተራ ወረቀት» ይላል፤ ማሽኑም የሰማው ትሪውን ነው። ትሪውን አስተካክለን ያንኑ ፋይል አተምን፤ ብፍቀው ብፍቀው እምቢ አለ። ፊውዘሩ ምንም አልነበረበትም።

ሴቲንጉ መግባቱን በጆሮ ታውቁታላችሁ፦ ድምፁ ይወርዳል፣ ካርዱም እየተጎተተ ይወጣል። እንደ ወትሮው የሚሮጥ ከሆነ አልገባም። «አስገብቼዋለሁ» የሚለኝን ሰው አላምንም፤ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ።

ሴቲንጉ ትክክል ሆኖ የመጀመሪያዎቹ 20 ካርዶች ጸንተው ኋላ መላጥ ከጀመረ፣ ፊውዘሩ ሙቀቱን እየተበደረ ነው የሚሠራው። ሥራውን በ20 በ20 ከፋፍላችሁ ላኩ፣ በመሃል አሳርፉት። ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሮ የሚላጥ ከሆነ ወይ ካርዱ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ነው፣ ወይ ፊውዘሩ አርጅቷል። የታተመውን ካርድ በካውያ ተኩሶ ሊያድን የሞከረ ሰውም ገጥሞኛል። ቶነሩ ሄዶ ካውያው ላይ ጸና።

ማስጠንቀቂያ፦ ለኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር) የተሠራ አብረቅራቂ ወረቀት ሌዘር ውስጥ አታስገቡ። ሽፋኑ ቀልጦ ሮለሩ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ይቆሽሻል። ፓኬቱን አንብቡ። «አንድ ብቻ ልሞክር» ብሎ ፊውዘር የገደለ ሰው አውቃለሁ፤ በእውነትም አንድ ብቻ ነበር የሞከረው።

ምልክት፦ አንድ ፊት ደህና ይወጣል፣ ጀርባው ሲታተም ይነክሳል

የዱፕሌክስ መንገዱ (ማሽኑ ጀርባውን ለማተም ወረቀቱን የሚገለብጥበት) ካርዱን በጠባብ ኩርባ ያዞረዋል፤ ወፍራም ካርድ ደግሞ መታጠፍ እምቢ ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ማሽን ለሁለት ፊት የሚፈቅደው ግራም ለአንድ ፊት ከሚፈቅደው የሚያንሰው። መፍትሄው አንዱን ፊት ማተም፣ ካርዱ እስኪቀዘቅዝና እስኪቃና መጠበቅ፣ ከዚያ ገልብጦ በባይፓስ፣ በእጅ በሚመገበው ትሪ፣ ማስገባት ነው። የኋላ በሩ ሲከፈት ወረቀቱን ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ ማሽን ካላችሁ በሩን ከፍታችሁ አትሙ። የነከሰውን ካርድ ወደ ኋላ አትጎትቱ፣ በመንገዱ አቅጣጫ አውጡት። ፊውዘሩ አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ ይብረድ።

ምልክት፦ አይነሳም፣ ወይም ሁለት ሁለት ይነሳል

የማንሻ ሮለሩ በወረቀት ብናኝ ለስልሷል፤ ውሃ በነካካው ጨርቅ ጥረጉት። ቤንዚን አይሆንም! ላስቲኩን ይበላዋል። ሁለት ሁለት የሚነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ በደነዘዘ መቁረጫ የተቆረጠ ካርድ ነው፤ ጠርዙ ላይ የቀረው ጥርስ ሉሆቹን ያቆላልፋቸዋል። ጣታችሁን በጠርዙ ብታሳልፉ ይቆነጥጣችኋል። ምላጩን አስሉ፣ ሉሆቹን እንዲላቀቁ በትናችሁ ከዚያ ጫኑ።

ምልክት፦ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል

ቶነር ወረቀቱ ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ካርዱ ከጭረቱ (የወረቀቱ ክሮች ከተኙበት) አቅጣጫ ጋር ሳይሆን ተሻግሮ ከታጠፈ የማጠፊያው መስመር ይነጫል። ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ለምጡት፤ በቀላሉ የታዘዘበት የጭረቱ አቅጣጫ ነው። ዲዛይኑን በዚያ አዙሩት፣ ሳታጥፉም በፊት መስመሩን በክሪዝ (የማጠፊያ ጎድጓዳ መስመር በሚያወጣ መሣሪያ) አስመቱት።

በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጥብ፦ ርቀቱን ለኩ። ዙሪያው ከዚያ ርቀት ጋር የሚገጥም ሮለር ነው ጥፋተኛው፤ ለምሳሌ 94 ሚሊሜትር ከሆነ ዲያሜትሩ 30 ሚሊሜትር የሆነ ድራም (ምስሉ መጀመሪያ የሚቀመጥበት ሲሊንደር) ሊሆን ይችላል። ሸካራ ካርድ ላይ ጎድጓዳው ነጭ ከቀረ ቶነሩ ወደ ታች አልደረሰም፤ ማሽኑ የማስተላለፊያ ቮልቴጅ (ቶነሩን ወደ ወረቀቱ የሚስበው) ማስተካከያ ካለው ጨምሩ፣ ከሌለው ለስላሳ ካርድ ምረጡ።

ገና ልትገዙ ከሆነ

ብሮሹሩ ላይ «እስከ 300 ግራም» የሚለውን አትመኑ። ከየትኛው ትሪ? በሁለት ፊት ስንት? በዚያ ግራም በደቂቃ ስንት ሉህ? በትልቁ የተጻፈው ፍጥነት የተራ ወረቀት ነው። ግራም ክብደት እንጂ ውፍረት አለመሆኑንም አስታውሱ፦ ያልተለበጠ (ከፋብሪካው ለስላሳ ሽፋን ያልተቀባ) 300 ግራም ካርድ ከተለበጠው 300 ግራም አብዛኛውን ጊዜ ይወፍራል። ስለዚህ የምትሠሩበትን ካርድ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻጩን ናሙና አትቀበሉ። 100 ሉህ፣ በሁለት ፊት፣ ጥቁር የበዛበት ዲዛይን ሳያቋርጥ ያትምላችሁ። ሻጩ የመጀመሪያውን ሉህ ሊያሳያችሁ ይቸኩላል። እናንተ የመጨረሻዎቹን 10 አውጡና በጥፍር ፋቁ።