«ና፣ አልመታህም» እና ሌሎች ስህተቶቻችን

አንድ ልጅ ብይ ደርድሮ ይጫወታል። ሌላው ሲሮጥ መጥቶ በተነበት። «አላየውም» ብሎ የሚለቅም ልጅ አለ። «ሆን ብሎ ነው» ብሎ በቡጢ የሚቀበልም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኬኔት ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ነገሩ ግልጽ ባልሆነ ጊዜ ተደባዳቢ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ክፋት ይተረጉሙታል። ቡጢው የሚመጣው ከጥርጣሬው በኋላ ነው። ጥርጣሬውን ደግሞ አንዳንዴ እኛው ወላጆች ቤት እናስተምረዋለን።

«ና፣ አልመታህም»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ልጁ አጥፍቶ አልጋ ሥር ገብቷል። በለሰለሰ ድምፅ ይጠራል፤ ሲወጣ ቁንጥጫ ይጠብቀዋል። እኔ ራሴ በዚህች ቃል ስንቴ ተሸውጃለሁ! እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለ28 ሕፃናት የተሻለ የመሳያ ዕቃ እንደሚመጣላቸው ተነገራቸው። ለግማሾቹ መጣ፣ ለግማሾቹ ቀረ። ከዚያ አንድ ማርሽሜሎ (ለስላሳ ጣፋጭ ከረሜላ) ተሰጣቸውና «እስክመለስ ካልበላችሁት ሁለት ታገኛላችሁ» ተባሉ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ታገሡ፤ የተዋሹት 3 ደቂቃ ብቻ። ጥናቱ ስለ ትዕግሥት እንጂ ስለ ድብድብ አይደለም። ግን የተነሳ እጅን የሚመልሰውስ ትዕግሥት አይደል? መቅጣት ካለብዎ «ና፣ እንነጋገራለን፤ ዛሬ ኳስ የለም» ይበሉት። መራራ ነው፣ ግን እውነት ነው።

«ተመትተህ እንዳትመጣ!»

የሰፈር አባቶች ይወዷታል። ልጁ ግን ገና ከበር ሲወጣ ጠላት እየፈለገ ይወጣል። ተጣልቶ ሲመጣ «ማን አሸነፈ?» ከማለት «ሆን ብሎ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መጀመሪያ ይናደዳል። ሲደጋገም ግን ራሱ ማሰብ ይጀምራል።

«እሷ ናት የነገረችኝ»

ልጅዎ እርስዎን አምናዎት ምስጢር ነገረችዎ። እርስዎ ደግሞ ወጥተው ስሟን ጠሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጓደኞቿ ዘንድ አሳባቂ ናት። ጠብ ሁሉ ቡጢ አይደለም፤ ምስጢር ማውጣትና «ከእሷ ጋር አትጫወቱ» ማለትም ጠብ ነው። በተለይ ሴቶች ልጆች መሀል ይህ ሳይታይ ያልፋል። እሷም በተራዋ የጓደኛዋን ምስጢር ብታወጣ ከማን ተማረች እንበል?

«በሉ ተሳሳሙ»

ልጆቹ ተሳሳሙ፣ ግን የተቀማው ብይ አልተመለሰም። መጀመሪያ ብዩ ይመለስ።

«ሰው እመን» ብቻ ብሎ ማሳደግ

እንግሊዝ አገር ኬን ሮተንበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከልክ በላይ የሚያምኑ ልጆችም ምንም እንደማያምኑት ሁሉ ከእኩዮቻቸው ጋር ይቸገራሉ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ብይ ተበድሮ ላልመለሰ ጓደኛው ልጅዎ ሦስተኛ ጊዜ ቢከለክለው አይቆጡት።