ኳስም ሩጫም፦ ሁለቱን አብሮ ለማስኬድ

ሐዋሳ ውስጥ ስፖርት አስተምራለሁ። ኳሱም ሩጫውም የሚሆንላቸው ልጆች በየዓመቱ ይመጣሉ። "ቲቸር፣ አንዱን ልተው እንዴ?" ይሉኛል። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው "ምረጥ" ተብለው ሲጨነቁ ሳይ ያናድደኛል። አትቸኩሉ።

ጂም ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን (አምስትና አሥር የአትሌቲክስ ውድድሮችን በሚያጣምሩት) ወርቅ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ለኒውዮርክ ጃያንትስ ቤዝቦል ፈረመ። ከ1915 ጀምሮ ደግሞ ለካንተን ቡልዶግስ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫወተ። እንዴት ቻለ? ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ቤዝቦሉ በሞቃቱ ወራት ነው፣ ፉትቦሉ ብርዱ ሲቃረብ። ወቅቱ ረድቶታል።

እናንተም ከወቅቱ ጀምሩ። የሁለቱን ውድድሮች ወራት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ለየወቅቱ አንድ መሪ ስፖርት ምረጡ። ከባዱን ልምምድ መሪው ይወስዳል፣ ሌላው ቀለል ብሎ ይቀጥላል። ክረምት ሲገባና ሜዳው ሲጨቀይ ለምሳሌ ሩጫው ይምራ።

የሳምንቱ አደራደር ላይ ግን ጠንቃቃ ሁኑ። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ የታቦር ተራራን ዳገት ማክሰኞ ሩጡ። ሐሙስ ኳስ፣ አርብ እግር ማፍታታት ብቻ። እሁድ እረፍት ነው፤ "ትንሽ ልሩጥ" የለም። በሁለት ከባድ ልምምዶች መካከል ቢያንስ አንድ ቀላል ቀን ይኑር። በታኬታ አስፋልት ላይ አትሩጡ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት ሲነካ የሚያመው ከሆነ ዝላዩንና ፍጥነቱን ይቀንስ፣ ሐኪምም ይየው።

ሁለቱም አሰልጣኞች ይወቁ። ተደብቆ መለማመድ አያዋጣም፤ አንዱ ሳያውቅ በሌላው ላይ ይደርብባችኋል።

ፊርማ ሲመጣ ደግሞ ከወላጅ ጋር አንብቡ። ቶርፕ በ1909 እና በ1910 ትንሽ ገንዘብ ተከፍሎት ቤዝቦል ተጫውቶ ስለነበር፣ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። በ1953 አረፈ። ለቤተሰቡ የተመለሰው በ1983 ነው። በጣም የዘገየ ፍትሕ! ያ ሕግ ዛሬ ቀርቷል፤ ውል ግን አሁንም ያስራል። ክለቡ ሌላ ስፖርት ይከለክላል? ሩጫ ላይ ብትጎዱ ማን ያሳክማል? ሁለቱም ውሉ ላይ ከሌሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ያስገቡላችሁ።