የስኳር ሰንሰለት ሲታገድ የቫይረስ ግንባታ የት ላይ እንደሚሰናከል እንዴት ይመረመራል?

ኢንፍሉዌንዛ፣ ኤችአይቪና ኮሮናን የመሳሰሉ ቫይረሶች ከያዙት ህዋስ ሲወጡ የስብ ሽፋን ለብሰው ይወጣሉ። በሽፋኑ ላይ የተተከሉት እሾህ መሰል ፕሮቲኖች ቫይረሱ አዲስ ህዋስ ይዞ የሚገባባቸው ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈኑ ናቸው። ቫይረሱ ስኳሩን የሚለጥፍበት የራሱ መሣሪያ ስለሌለው የህዋሱን ይጠቀማል፤ ይህን ሥራ ማገድም ግንባታውን ሊያበላሽበት ይችላል። ይሁን እንጂ «ቫይረሱ ቀነሰ» ብሎ ማቆም በቂ አይደለም። መታወቅ ያለበት ግንባታው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተሰናከለ ነው።

በመጀመሪያ ስኳሩ የሚያያዝበትን ቦታ ለዩ። በፕሮቲኑ ቅደም ተከተል ውስጥ አስፓራጂን፣ ቀጥሎ ከፕሮሊን በስተቀር ማንኛውም አሚኖ አሲድ፣ ከዚያም ሴሪን ወይም ትሪዮኒን ከተገኙ፣ አስፓራጂኑ ሰንሰለት ሊቀበል ይችላል። ሰንሰለቱ አስቀድሞ ተሠርቶ የሚጠብቅ የ14 ስኳሮች ስብስብ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ቅርጹን ወደሚይዝበት የህዋሱ ክፍል፣ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ እየገባ ሳለ በአንድ ጊዜ ይለጠፍበታል። የኮቪድ 19 ቫይረስ እሾህ በእያንዳንዱ የፕሮቲን ሰንሰለት ላይ 22 እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉት። ከብትንና ፈረስን የሚያጠቃው የቬሲኩላር ስቶማታይቲስ ቫይረስ ግን በጂ ፕሮቲኑ ላይ ያሉት 2 ብቻ ስለሆኑ፣ ውጤቱን ለማንበብ እጅግ ይቀላል። ለዚህም ነው ለመነሻ እርሱን የምመርጠው።

ቀጥሎ ሥራው የት ላይ እንደሚታገድ ወስኑ። በ1971 በጃፓን ይፋ የሆነው ቱኒካማይሲን የተባለ መድኃኒት የሰንሰለቱን የመጀመሪያ ስኳር ዶሊኮል ፎስፌት ከተባለው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ሰንሰለቱ ጨርሶ አይሠራም። ካስታኖስፐርሚን በበኩሉ ሰንሰለቱ እንዲለጠፍ ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው በጫፉ ላይ ያሉት ግሉኮሶች እንዲቆረጡ ነው። በዚህም ምክንያት ፕሮቲኑ ቅርጹን እንዲይዝ ከሚረዳው ካልኔክሲን ጋር አይገናኝም። ስዌይንሶኒን ደግሞ ዘግይቶ፣ ፕሮቲኑ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ቀጥሎ በሚያልፍበት የህዋሱ ክፍል፣ በጎልጂ ውስጥ ስለሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ስኳሩ ሳይጠናቀቅ ይወጣል እንጂ ግንባታው አይቆምም። በአንዱ መድኃኒት የታየውን ለሌላው መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው።

ማነጻጸሪያዎቹን አትርሱ። ቱኒካማይሲን የህዋሱንም ፕሮቲኖች ስለሚነካ ህዋሱ ይጨነቃል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ቫይረስ ያልገባበት ግን መድኃኒት የተሰጠው፣ እንዲሁም ቫይረስ የገባበት ግን መድኃኒት ያልተሰጠው ህዋስ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ከሁሉም የሚሻለው ማረጋገጫ በቫይረሱ ዘረመል ላይ አስፓራጂኑን በግሉታሚን መተካት ነው፤ ያኔ ህዋሱ ሳይነካ ስኳር የሚጎድለው የቫይረሱ ፕሮቲን ብቻ ይሆናል።

አሁን እገዳው መሥራቱን ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለይ ጄል ላይ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ሰንሰለት በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ስለሚጨምር፣ ስኳር ያጣው ፕሮቲን ፈጥኖ ይሮጥና መስመሩ ከመደበኛው ዝቅ ብሎ ይታያል። መደበኛውን ፕሮቲን ሰንሰለቱን በሚቆርጠው ፒኤንጌዝ ኤፍ ብታክሙትና መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ቢወርድ፣ ልዩነቱ የስኳሩ መሆኑ ይታመናል። ፕሮቲኑ ጎልጂ መድረሱን ለማወቅ የተለመደው ስኳር ቆራጭ ኢንዛይም፣ ኢንዶ ኤች፣ ስኳር ባጣው ፕሮቲን ላይ አይረዳም፤ የሚቆርጠው ስኳር የለምና። በእርሱ ምትክ ሽፋኑ ባልተበሳ ህዋስ ላይ ፀረ እንግዳ አካል በመጠቀም ፕሮቲኑ ከህዋሱ ወለል መድረሱን ፈትሹ።

ትልቁ ሥራ የሚቀጥለው ነው፤ ቅንጣቶችን እና የመበከል አቅምን ለየብቻ መቁጠር። ህዋሶቹ ያደጉበትን ፈሳሽ ሰብስቡ፣ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር ሴንትሪፉጅ ቅንጣቶቹን ለዩ፣ የውስጥ ፕሮቲኖቻቸውን መጠን ለኩ። ከዚያም የዚያኑ ናሙና የመበከል አቅም ቫይረሱ ህዋሶችን ገድሎ በህዋሶቹ ንጣፍ ላይ በሚተዋቸው ቀዳዳዎች ብዛት ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ከወደቁ፣ ቅንጣቱ ራሱ አልተሠራም ወይም አልወጣም ማለት ነው። ሲንድቢስን በመሰሉ አልፋቫይረሶች የሚጠበቀው ይህ ነው፤ እሾሁ ከውስጠኛው ቅንጣት ጋር ካልተያያዘ ቫይረሱ ከህዋሱ ወለል አብጦ መውጣት አይችልምና። ቅንጣቱ ኖሮ የመበከል አቅሙ ብቻ ከወደቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአይጥ ኮሮና ቫይረስን ግንባታ የሚመራው ኤም ፕሮቲን ስኳሩን የሚቀበለው ቱኒካማይሲን በማይነካው መንገድ ስለሆነ፣ ቅንጣቶቹ መውጣታቸውን ይቀጥላሉ፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ዙሪያቸውን የሚከበው የእሾህ አክሊል የለም፣ ራሰ በራ ናቸው። መበከልም አይችሉም።

በመጨረሻ ሙከራውን ዝቅ ባለ ሙቀት ድገሙት። ስኳር ያጣው የቬሲኩላር ስቶማታይቲስ ጂ ፕሮቲን በ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እርስ በርሱ ተጣብቆ በህዋሱ ውስጥ ይቀራል፤ በ30 ዲግሪ ግን ከፊሉ ከወለሉ ይደርሳል፣ ቫይረስም ይወጣል። መጠኑ ከአንዱ የቫይረስ ዝርያ ወደ ሌላው ይለያያል። እንዲህ ያለ ውጤት ካገኛችሁ፣ ስኳሩ የቫይረሱን አካላት የሚያያይዝ ማሰሪያ ሳይሆን ፕሮቲኑ ቅርጹን እንዲይዝ የሚረዳ ነበር ማለት ነው። በ30 ዲግሪም ምንም ካልወጣ፣ ወደ ዘረመል ለውጡ ተመልሳችሁ የስኳር ቦታዎቹን አንድ በአንድ እየቀየራችሁ የትኛው ቦታ ወሳኝ እንደሆነ ለዩ።