የቤተሰብ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል?

በጎንደር አካባቢ ባለች ትንሽ ከተማ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ታሪክ ለመጻፍ ካሰቡ፣ ከትውልድ ሐረግ ይልቅ ከዕቃው ይጀምሩ። «አያትዎ ሥራውን መቼ ጀመሩ?» ሲባሉ የሚያመነቱ አዛውንት፣ መስፉ (ብረት የሚቀጠቀጥበት ማስደገፊያ) ከፊታቸው ሲቀመጥ ማን እንደገዛው፣ ማን እንደወረሰው ሳይጠየቁ ይናገራሉና። ወናፉን፣ መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ሞረዱን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተው ስማቸውን ባለሙያው እንደሚጠራው ይመዝግቡ። ማረሻ ሲሳል ቆመው ይመልከቱ፤ ብረቱ በምን ቀለም ላይ ከእሳት እንደሚወጣ፣ ወናፉን ማን እንደሚነፋ ይጻፉ።

ቀጥሎ ብረቱ ከየት ይመጣ እንደነበር ይጠይቁ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ማጭድ መኪና ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት ሊኖር ስለማይችል፣ ዕቃው ራሱ ዘመኑን ይናገራል። «ጣሊያን ሲገባ»፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» የሚሉትን እንደተነገረ ጽፈው፣ 1928 ወይም 1977 ዓ.ም. ብለው አጠገቡ ያስቀምጡ። «አያታችን ለዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት መድፍ ሠርተዋል» ከተባሉ ግን ማስረጃ እስኪያገኙ ድረስ «ቤተሰቡ እንዲህ ይላል» ብለው ይለፉት።

የሚከብደው ስለ ስድቡ መጠየቅ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ቢያስነግሩም፣ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እና «ቡዳ» ማለት አልቀረም፤ ነገሩ በጋብቻና በመሬት ላይ ያደረሰውን ሳይጽፉ የቤቱን ታሪክ ጻፍኩ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ጎረቤት በተሰበሰበበት አይጠይቁ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ፈቃዳቸውን አግኝተው ያነጋግሩ።

በአካባቢው ብዙዎቹ ብረት ሠሪዎች ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ስለነበሩ፣ ቤተሰቡ በ1977 ወይም በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዶ ከሆነ በስልክ ይፈልጓቸው። ወንዶቹን ብቻ አይጠይቁ፤ በእነዚህ ቤቶች ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ስለነበር ገበያውን የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ደንበኛ የነበረ ገበሬም ማረሻውን አስሎ በእህል ይከፍል ወይም በገንዘብ፣ ዋጋውም እንዴት ይወሰን እንደነበር ይነግርዎታል።

ረቂቁን ለሌላ ሰው ከማሳየትዎ በፊት ለቤተሰቡ ድምፅ አውጥተው ያንብቡላቸው፤ እንዲወጣ የማይፈልጉትን ስም ይሰርዙ፤ አንድ ቅጂም እዚያው ቤት ይተዉ።