ጦርነት ባወደመው አገር ላይ ኃያላኑ ሲወስኑ ጉዳዩን እንዴት እንከታተል

ደሴ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሦስት ሰው ከተሰበሰበ አቦሉ ሳያልቅ ወይ ጋዛ ወይ ዩክሬን ይነሳል፣ ክርክሩ ግን ሁሌም "ያው አሜሪካ ያለችው ይሆናል" ላይ ይቆማል። እሺ ይሁን፣ ግን በየትኛው ወረቀት፣ በማን ፊርማ፣ በማን ብር? እኔ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ የማየው ነገር አለ፣ እሱን ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

መጀመሪያ መግለጫውን ተዉትና ክፍሉ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ እዩ። የኛ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ሁለቱንም ተጣይ ሳይሰማ አይፈርድም፣ ኃያላኑ ግን ጨርሰው ነው ባለቤቱን የሚጠሩት። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዲሴምበር 6፣ 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፣ ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ፣ ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፣ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ ዛሬም ሶሻል ሚዲያ ላይ ይዞራል። ልክ በሁለተኛው ቀን ፓሪስ ላይ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ቁጭ ብለው አገራችንን ሸነሸኗት፤ ከትግራይ ከአፋር ከኦጋዴን ተቆርጦ ለጣሊያን፣ ደቡቡ የጣሊያን የኢኮኖሚ ቀጠና፣ ለኛ ደግሞ ማካካሻ ተብሎ አሰብ ድረስ የምትደርስ ቀጭን መሬት። እሷም ላይ ባቡር እንዳይዘረጋ ታስቦ ነበር፣ የጅቡቲው የፈረንሳይ ባቡር ሥራ እንዳይቀንስበት መሆኑ ነው! የለንደን ጋዜጣ ራሱ የግመል መተላለፊያ ብሎ አሾፈበት። ስለዚህ ካርታ ሲያሳዩዋችሁ የተቀባውን ቀለም ሳይሆን መንገዱን፣ ወደቡን፣ ውሃውን ነው ማየት፣ እዚያ ጋ ነው የሦስተኛ ወገን ጥቅም የሚደበቀው።

ያን ዕቅድ ያፈረሰው ደግሞ ጄኔቭ ያለው የመንግሥታቱ ማህበር እንዳይመስላችሁ። የፓሪስ ጋዜጦች ላይ ሾልኮ ወጣ፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ጮኸ፣ ሆር ዲሴምበር 18 ከሥልጣን ወረደ። ሾልኮ የወጣ ረቂቅ ስታገኙ ፌክ ነው ብላችሁ አትለፉት ለማለት ነው፣ ማን አሾለከው ማንስ ተናደደ የሚለውን ተከታተሉ። (ዕቅዱ ቢወድቅም እኛን አላዳነንም፣ በሚቀጥለው ኤፕሪል ጣሊያን ደሴ ገባ።)

ቀጥሎ መሬቱ ላይ የማን ወታደር እንዳለ አረጋግጡ። ኦገስት 1945 ኮሪያን 38ኛው መስመር ላይ የከፈሉት ሁለት የአሜሪካ ኮሎኔሎች ናቸው፣ በግማሽ ሰዓት፣ ከመጽሔት በወጣ ካርታ። ሶቭየት ጦሩን እያስገባ ነበር፣ የአሜሪካ ወታደር ገና ሩቅ ነው፣ ስለዚህ አሜሪካኖቹ ሴኡል በነሱ በኩል እንድትቀር ተጣደፉ። ኮሪያዊ የጠየቀ የለም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ካልተስማሙስ ምን ይሆናል የሚለው አንቀጽ። የጣሊያን ቅኝ ግዛቶችን ነገር ብታዩ ይገባችኋል። በ1947ቱ የፓሪስ ውል ጣሊያን ሊቢያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ለቀቀች፣ አራቱ ኃያላን ማለትም አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቭየት ውሉ ከጸና በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል ተባለ። አልተስማሙም፣ ሄደ። እዚያ ደግሞ ቬቶ (አንድ ኃያል ብቻውን ውሳኔ የሚያስቆምበት መብት) የለም፣ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚጠየቀው፣ ጨዋታው ሌላ ሆነ። በ1949 እንግሊዝና ጣሊያን ሊቢያን ከፈረንሳይ ጋር ለሦስት ተካፍሎ የማስተዳደር፣ ኤርትራንም በኢትዮጵያና በሱዳን መሃል የመክፈል ዕቅድ ይዘው መጡ፣ ትሪፖሊታኒያን (የሊቢያን ምዕራብ) ለጣሊያን የሚሰጠው ክፍል ግን በአንድ ድምፅ ወደቀ፣ የሄይቲው ተወካይ እምቢ ብሎ! እሱ ሲወድቅ ጠቅላላው ዕቅድ ተንኮታኮተ፣ ሊቢያም በ1951 መጨረሻ ነፃ ወጣች። ኤርትራን እንዲያጠኑ የተላኩት አምስት አገሮች (በርማ፣ ጓቲማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታን፣ ደቡብ አፍሪካ) ደግሞ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ይዘው ተመለሱ፣ መጨረሻ ላይ ዲሴምበር 2፣ 1950 ፌዴሬሽን ተወሰነ። በዓመታት ውስጥ ደግሞ አሜሪካ አስመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን (የጦር ሰፈሯን) ውል ፈረመች። እንግዲህ የትኛው አዳራሽ ይወስናል፣ ስንት ድምፅ ይበቃል የሚለውን ሳያውቁ ዜና ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው።

የጸጥታው ምክር ቤት ከሆነ ቬቶ ያላቸውን አምስቱን ብቻ እዩ፣ በተለይ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገውን። ስለ ጋዛ ኖቬምበር 17፣ 2025 ውሳኔ 2803 ሲያልፍ 13 ደገፉ፣ ሩሲያና ቻይና ተአቅቦ አደረጉ። አልወደዱትም ግን አላስቆሙትም። በዚያ ወረቀት ጋዛን በሽግግር የሚያስተዳድረው የሰላም ቦርድ የሚባለው ነው፣ ሰብሳቢው ትራምፕ፣ ፍልስጤማውያኑ ደግሞ ከሥሩ የዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚያስኬድ የባለሙያዎች ኮሚቴ አላቸው። ማን የበላይ ማን የበታች እንደሆነ በወረቀት ሣሉት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ብር ላይ ስንመጣ አራት ነገር አትቀላቅሉ፤ ቃል የተገባ፣ የተፈረመ፣ የተለቀቀ፣ ሥራ ላይ የዋለ። ቲቪ ላይ የሚጨበጨበው ለመጀመሪያው ነው። እኛም እናውቀዋለን፣ ኤፕሪል 2022 የዓለም ባንክ በግጭት ለተጎዱ የኢትዮጵያ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ አማራ ክልልም አለበት፣ ዜናውን የሰማ ሰው ግን በነጋታው የቀበሌው ጤና ኬላ አልጋ የሚገባለት መስሎት ነበር። ሒሳቡን ማን ይፈርምበታል፣ ጨረታውን ማን ያወጣል ብላችሁ ጠይቁ። ኢራቅ ላይ በ2003 በውሳኔ 1483 የነዳጁ ገቢ የገባበትን ፈንድ ወጪ ያዝዝ የነበረው ወራሪው አስተዳደር ራሱ ነበር።

የማብቂያ ቀኑንም ፈልጉ። ቦስኒያ ላይ ጦርነቱን ባቆመው የ1995ቱ የዴይተን ስምምነት የተቋቋመው፣ የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የውጭ ከፍተኛ ተወካይ ቢሮ ቀን አልተቆረጠለትም፣ ከ30 ዓመት በኋላም አለ። ለጋዛው የሰላም ቦርድ የተሰጠው ሥልጣን ግን ዲሴምበር 31፣ 2027 ያበቃል ተብሏል። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉለት፣ ቀኑ ሳይሆን ከሱ ሦስት ወር ቀደም አድርጋችሁ፣ ምክንያቱም የማራዘሚያው ድርድር ያኔ ነው የሚጀመረው፣ ማን ምን እንደሚፈልግም በደንብ የሚታየው ያኔ ነው።